ይሙት በቃና የደም ዕርቅ፦ ከሐይቅ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከሐይቅ አካባቢ የጻፉልን ጠያቂ አጎታቸው ከሦስት ዓመት በፊት በሰው እጅ ተገድለዋል። ተከሳሹ ተይዞ ጉዳዩ በዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እየታየ ሳለ የገዳይ ወገን ሽማግሌ ልኳል። ቤተሰቡ በዚህ ምክንያት ለሁለት ተከፍሏል፤ ገሚሱ «ደሙ ይድረቅ፣ እንታረቅ» ይላል፤ ገሚሱ ደግሞ «መንግሥት ይስቀለው እንጂ የምን ዕርቅ ነው» ባይ ነው። ጠያቂው እንዲህ ይላሉ፦ «አያቴ በድሮ ጊዜ ገዳይ ለሟች ወገን ተላልፎ ይሰጥ እንደነበር ይነግሩኛል። ዛሬ የሞት ቅጣት አለ ወይስ ቀርቷል? ካለስ ለምን አይፈጸምም? ብንታረቅ በፍርዱ ላይ ምን ለውጥ ያመጣል?»

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ጊዜ አይፈጅም። የሞት ቅጣት በሕጋችን ውስጥ አለ፤ ፍርድ ቤቶችም አልፎ አልፎ ይፈርዱታል። ይሁን እንጂ በፍርድ ቤት ውሳኔ መሠረት ተፈጸመ ተብሎ በይፋ የታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት በ1999 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተፈጸመው ነው፤ እሱም የደኅንነት ኃላፊ የነበሩትን ክንፈ ገብረ መድኅንን በግንቦት 1993 ዓ.ም. በገደለው ሻለቃ ላይ ነበር። የቀሩትን ሁለት ጥያቄዎች በቅጡ ለመመለስ ግን አያትዎ ከነገሩዎት ነገር መነሣት ይገባል፤ ምክንያቱም በአገራችን የመግደል ሥልጣንና የመማር ሥልጣን በአንድ ወቅት በአንድ እጅ፣ ማለትም በሟች ወገን እጅ የነበሩ ሲሆኑ፣ መንግሥት ሁለቱንም ወስዶ ወደ ራሱ ካዞራቸው በኋላ የመጀመሪያው ሥልጣን ቀስ በቀስ እየተኛ መጥቷል፤ ሁለተኛው ግን በሽማግሌ በኩል ግማሽ መንገድ ወደ ቤተሰብ ተመልሷል። የእርስዎ ቤተሰብ ክርክርም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

አያትዎ የነገሩዎት እውነት ነው። በአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በዐረብኛ ተጠናቅሮ ኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት በሆን ብሎ ገዳይ ላይ ሞትን ይደነግጋል። በተግባር ሲሠራበት የኖረው ልማድ ግን ከመጽሐፉ ይልቅ ለባለ ደሙ፣ ማለትም ለሟች ወገን፣ ሰፊ ቦታ የሚሰጥ ነበር። ዳኛው ገዳይነቱን አረጋግጦ ይሙት በቃ ከፈረደበት በኋላ ጥፋተኛው ታስሮ ለሟች ወገን ይሰጣል፤ ወገኑ ከፈለገ ሟቹ በተገደለበት ዓይነት መሣሪያ፣ በጦር ከሆነ በጦር፣ በጠመንጃ ከሆነ በጠመንጃ ይገድለዋል፤ ካልፈለገ የደም ዋጋ ተቀብሎ ይለቀዋል። በፍርዱና በግድያው መካከል ባለችው አጭር ጊዜ ካህናቱ፣ ሽማግሌዎቹና መንገደኛው ሁሉ «ማሩት፣ ገንዘብ ተቀበሉ» እያሉ የሟችን ወገን ይለምኑ ነበር። ባለ ሥልጣኑ ያረጋገጠው ፍርድ ለመግደል የሚያስችል ፈቃድ ብቻ ስለነበር ባለ ደሙ እንዲገድል ማንም አያስገድደውም። እዚህ ላይ ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ ኦሪት በዘኁልቁ 35፥31 ስለ ነፍሰ ገዳይ ሕይወት ቤዛ መቀበልን በግልጽ የሚከለክል ሆኖ ሳለ፣ ኦሪትን አጥብቆ የያዘው የክርስቲያኑ ደጋ የደም ዋጋን ያለ ብዙ ጭንቀት ሲቀበልና ሲያስታርቅበት ኖሯል። ሕዝቡ መጽሐፉን ባያውቅ ይሆናል ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔ ግን ምክንያቱ አብሮ መኖር ይመስለኛል።

በወሎ ደግሞ ከፍትሐ ነገሥት ጎን ለጎን የሸሪዓ አስተሳሰብ አለ። ቁርኣን በአል-በቀራ ምዕራፍ 178ኛው አንቀጽ በግድያ ላይ ማመሳሰልን፣ ማለትም ገዳይን በገደለው ልክ መቅጣትን፣ ከደነገገ በኋላ ወዲያው ይቅርታ የተደረገለት ሰው ካሣውን በመልካም ሁኔታ እንዲከፍል ያዝዛል፤ ይህንንም ከጌታ የመጣ ማቅለያና እዝነት ይለዋል። በአል-ኢስራእ ምዕራፍ 33ኛው አንቀጽም ለሟች ወራሽ ሥልጣን ይሰጥና በመግደል ወሰን እንዳያልፍ ያስጠነቅቀዋል። ስለዚህ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ቤት ውስጥ ተጋብተው የሚኖሩት የወሎ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚለያዩት በመጽሐፉ እንጂ በአሠራሩ አልነበረም፤ ሁለቱም ዘንድ ባለ ደሙ ገዳይም መሐሪም ነው። ዛሬ የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ሥልጣን በጋብቻ፣ በውርስና በመሳሰሉት የቤተሰብ ጉዳዮች ላይ የተወሰነ ስለሆነ ይህ የቁርኣን ድንጋጌ በመንግሥት ፍርድ ውስጥ ቦታ የለውም። በሽማግሌ ፊት ግን እስከ ዛሬ ይነበባል፤ ይጠቀሳልም።

የወገን ሥልጣን የሚከበረው ንጉሡ እስካልተቆጣ ድረስ ነበር። ለዚህም ከወሎ የበለጠ ምስክር የሚሆን ምድር የለም። ዛሬ በተንታ ወረዳ የምትገኘው መቅደላ የዐፄ ቴዎድሮስ ምሽግም ወኅኒም ነበረች። በ1857 ዓ.ም. የሸዋው ምኒልክ ከአምባው አምልጠው ወደ ወሎ ገዥዋ ወደ ወይዘሮ ወርቂት ሲገቡ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ይህን እንዳዩ በእጃቸው የነበረውን የወርቂትን ልጅ ከሌሎች የወሎ መሳፍንት ጋር አስገደሉ። ልጁ ምኒልክን አላስመለጠም፤ በማንም ፊት አልተከሰሰም፤ የተገደለው እናቱን ለመቅጣት ነበር። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የእሮጌ ጦርነት ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከእስር ከወጡት ኢትዮጵያውያን እስረኞች መካከል ከመቶ የሚበልጡት እዚያው አምባ ሥር ካለው ገደል ተወርውረዋል። ከአራት ቀን በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸውን ገደሉ። እነዚህን ሰዎች ሊምራቸው የሚችል ባለ ደም አልነበረም፤ ከሳሹም፣ ዳኛውም፣ ገዳዩም አንድ ሰው ነበረና። ስለ ሞት ቅጣት ሲከራከሩ መቅደላን ከጀግንነቱ ጋር ብቻ የሚያነሡ ሰዎች ይህን ገጽ መዝለል የለባቸውም ብዬ አምናለሁ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መንግሥት ወገኑን ከገዳይነት አሰናበተው። የ1923ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም በስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን የተረቀቀው የ1949ኙ ሕግ ነፍስ ማጥፋትን በመንግሥት ላይ የተፈጸመ ወንጀል አድርገው ቆጠሩት፤ ይሙት በቃው በንጉሠ ነገሥቱ እስካልጸና ድረስ አይፈጸምም፤ ሲፈጸምም በሟች ወንድም ጦር መሆኑ ቀርቶ በመንግሥት ገመድ ሆነ። ሕዝብ እያየ፣ በገበያ ቀን፣ በአደባባይ መስቀል የዚያ ዘመን ልማድ ነበር። ይህ አደባባይ ግን መንግሥት የጠበቀውን ያህል ፍርሃትን ብቻ አላተረፈም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ በጎጃም በአርበኝነቱ ስሙ የገነነው በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. ሲሰቀል፣ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ምክንያት በዚያው ዓመት መጋቢት 21 ቀን አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ላይ ሲሰቀሉ፣ ሕዝቡ ከሄደበት ይዞ የተመለሰው ቁጭትና ግጥም ጭምር ነበር። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአደባባይ መስቀልን የከለከለው ከዚህ ሁሉ ትዝታ በኋላ ነው።

ቀጥሎ የመጣውን ወሎ በተለየ ሁኔታ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረሀብና ያንን ረሀብ የመደበቁ ነገር የዘውዱን መንግሥት ከገለበጡት ምክንያቶች አንዱ ነበር። የባለ ሥልጣኖቹን ጥፋት የሚያጣራ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ ምስክር ይሰማ ነበር። ደርግ ግን ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይጨርስ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ስድሳ ያህል የቀድሞ ባለ ሥልጣናትንና መኮንኖችን በአንድ ሌሊት ረሸነ፤ ከእነሱም መካከል ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድ ነበሩ፤ የደርጉ ሊቀ መንበር የነበሩት ጄኔራል አማን አንዶም ደግሞ በዚያው ሌሊት በቤታቸው ሊይዟቸው ከመጡ ወታደሮች ጋር ሲታኮሱ ሞቱ። በወሎ ለሞተው ሕዝብ ደም መላሽ የሆነ የመሰለው ያ ውሳኔ በእውነቱ የወሎን ሕዝብ ከሁሉ የሚበልጥ ነገር አሳጥቶታል፤ ማን ምን እንዳወቀ፣ መቼ እንዳወቀና ለምን እንዳልተናገረ በችሎት ፊት በመሐላ የሚሰማበትን ዕድል። በሥራዬ ደጋግሜ እንደማየው፣ የሟች ቤተሰብ መጀመሪያ የሚፈልገው የነገሩን አኳኋን ማወቅ ነው፤ የተገደለ ተከሳሽ ደግሞ አይናገርም። ከዚያ በኋላ ይግባኝ የሌለባቸው ልዩ የጦር ፍርድ ቤቶች መጡ፤ ቀጥሎም ፍርድ ቤት የሚባል ነገር ሳይኖር አብዮታዊ እርምጃ በየቀበሌው ተስፋፋ። በዚያ ዘመን በደሴም በሌላውም ከተማ ልጁን ያጣ ሰው የሞት ቅጣት የሚለውን ሐረግ ከወንጀለኛ ይልቅ ከገዛ ልጁ ጋር አያይዞ ቢያስበው የሚያስገርም አይደለም።

የደርግ ባለ ሥልጣናት በተራቸው ፍርድ ቤት ሲቆሙ የሆነው ነገር ለእርስዎ ጥያቄ በጣም ይቀርባል። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ባልደረቦቻቸው በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በዘር ማጥፋት ወንጀል ጥፋተኛ ተብለው በቀጣዩ ወር ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግንቦት 18 ቀን 2000 ዓ.ም. ቅጣቱን ወደ ሞት ከፍ አደረገው። ኮሎኔሉ ዚምባብዌ ነበሩ፤ እዚህ በእስር የነበሩት ግን በገመዱ ሥር ሦስት ዓመት ተቀመጡ። ከዚያ የሃይማኖት አባቶች ወደ መንግሥት ሄደው ለመኑ። ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ በግንቦት 2003 ዓ.ም. የ23ቱን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ ለወጡት፤ የዕድሜ ልክ ፍርደኛ 20 ዓመት ከታሰረ በኋላ በአመክሮ ሊፈታ ስለሚችል፣ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የታሰሩት አብዛኞቹ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ወደ ቤታቸው ገቡ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ ለሚፈጸም ወንጀል ይቅርታና ምሕረትን ቢከለክልም፣ ርዕሰ ብሔሩ ሞቱን ወደ ዕድሜ ልክ እንዲለውጥ ግን በዚያው አንቀጽ በሩን ክፍት ትቶለታል። ካህናቱና ሼሆቹ ያደረጉት ልመና አያትዎ ከነገሩዎት የድሮ ልመና ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ የሚለመነው ብቻ ከሟች ወንድም ወደ ፕሬዚዳንት ተለውጧል። ልጆቻቸው የተገደሉባቸው እናቶች በዚህ ልመና ውስጥ ቃላቸው በምን ያህል እንደተጠየቀ ሲታሰብ ግን፣ የድሮው ሥርዓት ከአዲሱ የሚሻልበት አንድ ነጥብ መኖሩን መካድ አይቻልም።

ሌሎች ሁለት የደርግ ባለ ሥልጣናት በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ ጣሊያን ኤምባሲ ገብተው ነበር። ጣሊያን የሞት ቅጣት ሊፈጸምባቸው ይችላል በማለት አሳልፋ አልሰጠችም፤ ሰዎቹም በኤምባሲው ግቢ ውስጥ አርጅተው፣ የሞት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ ከተለወጠ በኋላ፣ በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በአመክሮ ተለቀቁ። ከዚህ የምንረዳው የሞት ቅጣት በሕግ መጽሐፍ ውስጥ መኖሩ ብቻ፣ ሳይፈጸም እንኳ፣ ወንጀለኛን ለፍርድ የማቅረቡን ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊያዘገይ እንደሚችል ነው። ሩዋንዳ ይህን ቀድማ ተረድታለች። በ1998 እ.ኤ.አ. በዘር ጭፍጨፋው ጥፋተኛ የተባሉ 22 ሰዎችን በአደባባይ ረሽና የነበረችው ያች አገር በ2007 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን ሙሉ በሙሉ አስቀርታለች፤ ከምክንያቶቹ አንዱ በውጭ ያሉ ተጠርጣሪዎችን ለማስመለስ ነበር።

በሌላው ዓለም የሆነውን ባጭሩ ላንሣ። ጣሊያናዊው ቤካሪያ የሞት ቅጣትን በመንቀፍ በ1764 እ.ኤ.አ. ጻፈ፤ የቶስካና ግዛት በ1786 አስቀረችው፤ ቬንዙዌላ በ1863 ለሁሉም ወንጀል ያስቀረች የመጀመሪያ አገር ሆነች። ፈረንሳይ ጊሎቲን የተባለውን አንገት መቁረጫ እስከ 1977 ተጠቅማበት በ1981 ሕጉን ሰረዘች። ከአፍሪካ የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት በ1995፣ ጎረቤታችን ጅቡቲ በዚያው ዓመት፣ ሴራሊዮን በ2021፣ ዚምባብዌ በ2024 እ.ኤ.አ. የሞት ቅጣትን አስቀርተዋል። ዛሬ ከዓለም አገሮች ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጡት በሕግ ወይም በተግባር ትተውታል፤ ኢትዮጵያ ሕጉን ይዛ ፍጻሜውን ካቆሙት ወገን ናት። በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሞት ቅጣትን አይከለክልም፤ ለእጅግ ከባድ ወንጀሎች ብቻ እንዲሆንና የተፈረደበት ሰው ምሕረት የመጠየቅ መብት እንዲኖረው ግን ያስገድዳል።

«ታዲያ ገዳይ ካልተገደለ ማን ይፈራል?» የሚለው የወንድሞችዎ ጥያቄ ተገቢ ነው። ሆኖም የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. እስከዚያ የተደረጉትን ጥናቶች መርምሮ የሞት ቅጣት ግድያን ይቀንስ ወይም ይጨምር እንደሆነ ከእነሱ ምንም መደምደም እንደማይቻል አስታውቋል። ለእኔ ከዚህ የሚከብደው ግን ስሕተት የማይመለስ መሆኑ ነው። በታኅሣሥ 2002 ዓ.ም. በሌሉበት ሞት ከተፈረደባቸው ሰዎች መካከል አንዳርጋቸው ጽጌና ብርሃኑ ነጋ ይገኙ ነበር። አንደኛው ተይዘው መጥተው አራት ዓመት ያህል ከታሰሩ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ተፈቱ፤ ሁለተኛው በመስከረም 2014 ዓ.ም. የትምህርት ሚኒስትር ሆኑ። የፖለቲካ አቋማቸውን መውደድም መጥላትም ይቻላል፤ ነገር ግን በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ከይሙት በቃ ወደ ሚኒስትርነት የሚያሻግር የፖለቲካ አየር ባለበት አገር የፍርዱ ወረቀት ሳይፈረም መቆየቱ የደግነት ሳይሆን የማስተዋል ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልግባ። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 540 መሠረት ተራ የሰው ግድያ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሞት ሊታሰብ የሚችለው አንቀጽ 539 በሚለው ከባድ የሰው ግድያ ነው፤ ይኸውም አስቀድሞ አስቦና አቅዶ፣ በገንዘብ ተገዝቶ፣ በመርዝ ወይም በተለየ ጭካኔ፣ ወይም ሌላ ወንጀልን ለመሸፈን የተገደለ እንደሆነ ነው፤ ቅጣቱም ዕድሜ ልክ ወይም ሞት ነው። በዚህ አንቀጽ ቢፈረድም እንኳ አንቀጽ 117 ተጨማሪ ደጆችን ያስቀምጣል፤ ወንጀሉ የተፈጸመ እንጂ የተሞከረ መሆን የለበትም፤ ጥፋተኛው በተለይ አደገኛ መሆን አለበት፤ ወንጀሉን ሲሠራ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፤ ቅጣቱን የሚያቀልል ምክንያትም መኖር የለበትም። ይህ ሁሉ አልፎ ከተፈረደ በኋላ ደግሞ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸናው አይፈጸምም፤ የይቅርታው ወይም የቅጣት ለውጡ ጉዳይ እልባት እስኪያገኝም ይቆያል። «ለምን አይፈጸምም?» ላሉት መልሱ ይህ ነው፤ ሕጉ ወደ መጨረሻው ፊርማ ይወስዳል፤ ፊርማው ደግሞ ለዓመታት አይመጣም።

ከእነዚህ ደጆች ውስጥ ለቤተሰብዎ ዋናው የማቅለያ ምክንያቱ ነው። አንቀጽ 82 ጥፋተኛው በእውነት መጸጸቱን፣ ራሱን ለፍትሕ ማቅረቡን፣ ጥፋቱን ማመኑንና ያደረሰውን ጉዳት በተቻለው መጠን መካሱን ቅጣት ከሚያቀልሉ ነገሮች መካከል ይቆጥራል። ከጥፋተኛነት ውሳኔው በኋላ ዐቃቤ ሕግ ማክበጃውን፣ ተከሳሹ ማቅለያውን ሲያቀርብ የሽማግሌ የዕርቅ ሰነድ የሚመጣው በዚህ በር ነው፤ ችሎቱም ከልብ የመጣ ጸጸትና ካሣ መሆኑን ከተቀበለ፣ አንቀጽ 117 የሚጠይቀው የማቅለያ ምክንያት አለመኖር ይፈርሳል፤ ሞት ከጠረጴዛው ይነሣል። ስለዚህ በቤተሰብዎ ውስጥ ያለው ክርክር ከንቱ አይደለም፤ ዕርቁ ክሱን አያቋርጠውም፤ ግድያ በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ስላልሆነ ዐቃቤ ሕጉ ይቀጥላል፤ ተከሳሹም መታሰሩ አይቀርም። ነገር ግን በጉዳዩ ከሕጉ ሁሉ ይልቅ ለሟች ወገን ድምፅ የሚሰጠው አንዱ ቦታ ይህ ነው። ኋላ የይቅርታ ጥያቄ ሲቀርብም ከሟች ቤተሰብ ጋር መታረቅ ክብደት የሚሰጠው ነገር ነው።

የዕርቁን ሥርዓት ያላዩ ሰዎች ዋጋውን በገንዘቡ ብቻ ይመዝኑታል። በወሎ አበጋር የሚባሉት የዕርቅ ሽማግሌዎች በሚመሩት የደም ማድረቅ ሥርዓት ላይ እንደ ሕግ ባለሙያ ተቀምጬ አውቃለሁ። አካሄዱ እንደየአካባቢው ይለያያል፤ አንዱ ነገር ግን በየቦታው ይገጥማል። ሁለቱ ወገኖች በተለያየ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ሽማግሌዎቹ በመካከል ይመላለሳሉ፤ ነገሩ እስኪያልቅ አንዱ ወገን የሌላውን ውኃ አይቀምስም። ገዳዩ ወይም ወኪሉ አንገቱን ደፍቶ፣ ብዙ ጊዜም ድንጋይ ተሸክሞ ይቀርባል። ሽማግሌው የሟችን ታላቅ ወንድም ስም ጠርቶ «ለአላህ ብለህ» ወይም «ስለ እግዚአብሔር ብለህ» እያለ ይለምነዋል፤ ሰውየው ዝም ይላል፤ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ ሽማግሌው ተነሥቶ ይቆማል፤ ተቀመጥ ቢሉትም አይቀመጥም፤ እስኪማር ድረስ ማንም አይቀመጥም። ወንድምየው «ትቻለሁ» ካለ በኋላ የዕርቁ እርድ ይታረዳል፤ አብረው ይበላሉ፤ ዱዓው ይደረጋል። የሚከፈለው ካሣ የቤተሰቡን ጉዳት አይሞላም፤ ነገር ግን የፍትሐ ብሔር ሕጉ በአንቀጽ 2116 ለኅሊና ጉዳት የፈቀደው ካሣ እስከ 1000 ብር ብቻ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው፣ የሽማግሌው ሚዛን ከፍርድ ቤቱ ሚዛን ሰፊ መሆኑ አያስገርምም። በዚያ ላይ ገዳይና ሟች ጎረቤት፣ አማች፣ አንዳንዴም ዘመድ ናቸው፤ «የገደለው ባልሽ፣ የሞተው ወንድምሽ፤ ሐዘንሽ ቅጥ አጣ፣ ከቤትሽም አልወጣ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነት ቤት ነው። እንዲህ ያለችው ሴት የገዳዩ መሰቀል ሁለተኛ ለቅሶ እንጂ ፍትሕ አይሆንላትም።

ይሁን እንጂ ሽማግሌውን እንደ ቅዱስ ነገር አድርጌ ላቀርብልዎ አልፈልግም። ደካማው ቤተሰብ በጉልበተኛው ወገን ተገፍቶ «ታረቅ» የሚባልበት፣ ባሏ የሞተባት ሴት ሳትጠየቅ ካሣው በወንድሞች የሚከፋፈልበት፣ ከሁሉ የከፋው ደግሞ ዕርቁ ከተፈረመ በኋላ ምስክሮች «አላየንም» እንዲሉ የሚደረግበት ጊዜ ብዙ ነው። በዐይኑ ያየውን አላየሁም ብሎ በመሐላ መመስከር ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ ሽማግሌ አስማምቶኛል ማለትም መከላከያ አይሆንም።

ስለዚህ ምክሬ የሚከተለው ነው። መታረቅ ከመረጣችሁ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን፤ የሟች ሚስትና ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆች ራሳቸው ይፈርሙበት፤ ካሣው ለማን እንደተከፈለም በስም ይጻፍ። በሰነዱ ውስጥ ገዳዩ ጥፋቱን ማመኑና መጸጸቱ ይገለጽ እንጂ «ክሱ ይዘጋ» ወይም «ምስክር አይቅረብ» የሚል ቃል እንዳይገባበት፤ እንዲህ ያለው ቃል በፍርድ ቤት ዋጋ የለውም፤ ፈራሚዎቹን ግን ችግር ላይ ይጥላል። አለመታረቅን ከመረጣችሁም ሕጉ አያስገድዳችሁም፤ ቤተሰቡ ጉዳቱን ለዐቃቤ ሕግ አስረድቶ የፍትሐ ብሔር ካሣውን በዚያው የወንጀል ችሎት መጠየቅ ይችላል። ደም ልመልስ የሚል ወጣት በቤታችሁ ካለ ግን ከዛሬ ጀምሮ አጥብቃችሁ ያዙት፤ ዝቶ፣ ጠብቆና አቅዶ የሚገድል ሰው የሚከሰሰው አጎትዎን በገደለው ሰው ላይ ሊጠቀስ የሚችለው አንቀጽ 539 ተጠቅሶበት ነው፤ የሞት ቅጣቱም በእሱ ላይ ሊጠየቅ ይችላል።